ሁለት ዓመት ጨምሬ

አሥራ ስድስት ነበርኩ፤ አሥራ ስምንት አልኩ።
ከድስት ቂጥ ጥላሸት በጣቴ ፍቄ
ጺም ያልጎበኘውን ከንፈሬን ኳልኩ።
ቀጣሪው ጸሐፊ መነጽሩን አውልቆ
አየኝ፣ አየኝና፣ ሳቁን በሳል ደብቆ
«ሃምሳ ሰባት» ብሎ በሰማያዊ ቀለም
ልደቴን ጻፈልኝ። ያን ዕለት ሁለት ዓመት
ከፊቴ ቆርጬ ለእንጀራዬ ስሰጥ
ተመላሽ ያለው ዕዳ አልመሰለኝም።

አርባ ሁለት ዓመት ከለገዳዲ ግድብ ሥር
ኖርኩኝ ከፓምፕ ጋር፣ ከኩሽኔታ ድምፅ ጋር።
ከተማው ፊቱን ሲያብስ፣ ልብሱን ሲዘፈዝፍ፣
ሕፃኑን ሲያጥብ፣ ሬሳውን ሲገንዝ፣
እኔ ከዚህ ነበርኩ፣ ከወደ ምሥራቁ ጠርዝ፣
ቱታዬን ለብሼ ብሎን ሳጠብቅ፣
ማንም ስሜን ሳያውቅ።

ዘንድሮ ጥር ላይ ደብዳቤ መጣና፦
«በማኅደርዎ መሠረት ስድሳ ሞልተዋልና...»
ቀሪውን አላነበብኩም።
ወደ ሰው ኃይል ሮጥኩ። «ገና ሃምሳ ስምንቴ ነው!
ስቀጠር ዋሽቼ ነው! እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣
በረዶ ገብሱን በፈጀው ዓመት ነው የወለድኩህ ትለኝ ነበር።»
ልጅቱ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ቀስ ብላ ተናገረች፦
«ጋሼ፣ በረዶ ማስረጃ አይሆንም፤
አራት ጉርድ ፎቶ ይዘው ይምጡ» አለች።

ያ የተበደርኩት ውሸት
መጣ፣ ወንበር ሳበ፣ ተቀመጠ ከፊት።
ወለድ አልጠየቀኝም፣ ጨዋ ነው። የሚሻው
ዋናውን ብቻ ነው፤
ሁለቱን ዓመት፣ አንዲት ቀን ሳትጎድል።

እልፍነሽ ግን መዘጋጀት ታውቃለች።
አጥሩን ለክታለች፣ ለዶሮ ቤት ቆርቆሮ ጠይቃለች፣
ደጃፍ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ ከሚያርፍበት
አንድ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጣለች።
ማንም አይቀመጥበትም። የኔ ነው። ይጠብቀኛል።
ስወጣም ስገባም
እንደ አበዳሪ ደጅ አቀርቅሬ አልፈዋለሁ።

ጋሽ ሞሲሳ፣ አምና የወጣው፣ በየማለዳው
አስፋልት ዳር ይቆማል፣ ሰርቪሱ ሲመጣ ሊያይ።
ሾፌሩን «ዛሬ ሁለት ደቂቃ ዘገየህ» ይለዋል።
ሲሸኙት ሰዓት ሸልመውት ነው፤
ትልቅ፣ የግድግዳ።
ቀጠሮ ለሌለው ሰው፣ ሰዓት!

በእግሬ የምትተካውን ቦንቱን እንዳስተምር ሰጡኝ።
ሃያ አራቷ ነው። ዲግሪ አላት።
የፓምፑን ሙቀት ከስልኳ ላይ ታነባለች።
እኔ ያለኝ ካቻቢቴ ነው፣ እጀታው የተላጠ፤
ጫፉን ከብረቱ፣ እጀታውን ከጆሮ
አስጠግቶ ማድመጥ፤ ይኸው ነው ትምህርቴ።
«ጤነኛ ኩሽኔታ እንደ ሩቅ ዝናብ ነው» አልኳት፤
«የታመመው ግን አሸዋ ያኝካል።»
ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች።
«ሦስተኛው ያኝካል፣ ጋሼ።»
ተቀብዬ ሰማሁ።
ዝናብ።
ቦታ ቀይሬ፣ ትንፋሼን ውጬ ሰማሁ።
ዝናብ ብቻ።

ማታ ፈታነው። ኩሽኔታው እንደ ደረቀ ዳቦ
ተሰነጣጥቆ ነበር።
ለማንም አልተናገረችም። እኔም አላመሰገንኳትም፤
ካቻቢቴውን ግን ጠረጴዛዋ ላይ ረስቼው ወጣሁ፣
አውቄ።
ጆሮዬ ለካ ከኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፣
ደብዳቤ እንኳ ሳይጠብቅ።
እጄ ግን አልሰማም። ተኝቼም ቢሆን
አንሶላውን ይዞ ብሎን ያጠብቃል።

ፎቶው ደርሷል። አራቱም ላይ የተኮነነ እመስላለሁ።
ፎርሙ ተሞልቷል፣ ከአንድ ፊርማ በቀር።

የጓሮው ቧንቧችን ያፈሳል፤ ሁለት ዓመት ሆነው።
እልፍነሽ ትስቅብኛለች፦ «ያገሩን ውሃ ጠባቂ!
በል እንግዲህ፣ አሁን ጊዜ አለህ።»
ጎማዋ ኪሴ ውስጥ ናት። የአምስት ደቂቃ ሥራ።
ሌሊት ነቅቼ አደምጣለሁ፤ ይህችን እሰማታለሁ፦
ጠብ።
ጠብ።
ነገ እጠግንሻለሁ እላታለሁ።
ሲነጋ ኪሴን ዳብሼ፣ ጎማዋ መኖሯን አይቼ
ለነገ አሳድራታለሁ።
ቀስ በይ፣ ጠብታዬ፣ ቀስ በይ፤
ከእንግዲህ በሌሊት የሚቀሰቅሰኝ
አንቺ ብቻ ነሽ።